የአፋፍ አምባ የቦይ ቁና

«ተረት ተረት!»

ምነው ዝም አላችሁ? «የላም በረት» ልትሉኝ ነው? እሱን ለሌላ ቀን አቆዩት። የዛሬው የላም አይደለም። ዛሬ «የመሠረት» በሉኝ። እንደገና፦ «ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

እንዲያ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ዝጉት። ይህን ተረት የነገረችኝ አያቴ ናት። እኔም ይኸው አርጅቼ፣ ስተርተው እስከ ዛሬ እፈራለሁ። የፈራ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ። ጆሮውን የደፈነ ግን ከኔ ጋር ተጣላ።

በድሮ ዘመን አፋፍ አምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ከገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ናት። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነበር። መጀመሪያ ሰው ሲሰፍርባት ቆሻሻው ሁሉ ወደ ምንጩ ይወርድ ነበር። እጣቢው ይወርዳል፣ የሰውና የከብት እዳሪ ይወርዳል፣ ሰዉም ያንኑ ውሃ ይጠጣል። ሕፃናቱም በተቅማጥ ረገፉ። በአንድ ክረምት ብቻ አርባ ትንንሽ መቃብር ተቆፈረ ይባላል።

ከዚያም ሽማግሌዎቹ መከሩና ከቤቶቹ ሥር ምድሩን አስፈለፈሉ። ድንጋይ አስጠረቡ፣ በኖራ አያያዙት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ትልቅ የምድር ቦይ ሠሩ። በየቤቱም ጓዳ ቀዳዳ አበጁ። እጣቢው በቀዳዳው ይወርዳል፣ በቦዩ ይሄዳል፣ ከከተማዋ በታች በገደሉ በኩል ይወጣል። ምንጩም ጠራ። ልጆቹም አደጉ።

ቦይ ግን ያለ ጠባቂ አይኖርም። ድንጋይ ይላላል፣ ኖራ ይፈረፈራል፣ ደለል ይሞላል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች ለቦዩ ተመረጡና ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ደነገጉ፦ «በየዓመቱ ጥር ሲገባ እያንዳንዱ ቤት ለቦዩ አንድ ቁና እህል ይስጥ። ለኖራው፣ ለድንጋዩ፣ ለሚወርዱትም ሰዎች ቀለብ ይሁን።» ቄሱም ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱበት።

መልካም ነበር። ግን ሰው መቼ ውለታ ያውቃል! እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ጭቃ ለብሰው ሲወጡ ሕዝቡ አፍንጫውን ያዘ። «ከምድር ሥር ከጋኔን ጋር ይበላሉ» አለ። «ዓይናቸው ጨለማ ለምዷል፣ ቡዳ ናቸው» አለ። ሰርግ አይጠሯቸውም፣ ማዕድ አይጋሯቸውም። እነሱም ቤታቸውን ከከተማዋ ዳር፣ ማንም ከማይፈልገው ጭንጫ ላይ ሠሩ። የኔን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወስድልኝን ሰው እኔው መልሼ ቆሻሻ ስለው፣ አያችሁ፣ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ዘመን አለፈ። የልጅ ልጅ መጣ። ከቦይ ጠባቂዎቹ ዘር የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አያ ሽበሺ ይባላል። ሚስቱ ይመናሹ ትባላለች። ልጅ የላቸውም። ሌሎቹ ጠባቂዎች እህሉ ቢያንሳቸው አንድ በአንድ ጥለውት፣ አገር ለቀው ሄደዋል። አያ ሽበሺ ለብቻው ይወርዳል፣ ለብቻው ደለል ይጠርጋል፣ የላላውን ድንጋይ በወይራ ግንድ ይደግፋል።

አንድ ዓመት ጥር ገባና ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ለሸንጎ ተሰበሰበ። አያ ሽበሺም ከሰው ራቅ ብሎ፣ ነጠላውን አደግድጎ ቆመና እንዲህ አለ፦ «ጌቶቼ፣ እመቤቶቼ፣ ቦዩ አርጅቷል። ኖራው ዱቄት ሆኗል። ድንጋዩን በእጄ ስነካው ይወዛወዛል። ዘንድሮ ከየቤቱ ሁለት ቁና ይሰጠኝ። ሰው ልቅጠር፣ ኖራ ላቃጥል፣ ክረምቱ ሳይመጣ ልጠግነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ይሄኔ እሜቴ ድንቅነሽ ብድግ አለች። እሜቴ ድንቅነሽ ማለት ጠላ ጠማቂ ናት። ባሏ ሞቶ፣ አንዲት ልጇን በጠላ ያሳደገች፣ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ቤቷ ከከተማዋ መሀል ነው። የጋን እጣቢ ስትደፋ ከሰው ሁሉ በላይ ትደፋለች። እሷም አለች፦ «ሁለት ቁና? ከየት አምጥተን? አያቴ አንድ ቁና ሰጠች። እናቴ አንድ ቁና ሰጠች። እኔም አንድ ቁና እሰጣለሁ። ቦዩ መቼ ቆመ? ዛሬ ጠዋት የደፋሁት እጣቢ መች ተመልሶ መጣብኝ?»

ሰዉ ሳቀ። የከተማዋ ጭቃ ሹም ገብረየስም ራሱን ነቀነቀና አለ፦ «ደግሞስ ግዝቱ? አንድ ቁና ተብሎ ተገዝቷል። ሁለት ያለ ሰው ከግዝት ይገባል።»

አያ ሽበሺም ከጀርባው ከረጢት አወረደ። ከከረጢቱ አንድ አሮጌ ቁና አወጣ። ከዚያም ሄደና እህል የሚሰፈርባትን የከተማዋን ቁና አነሳ። ይህች ቁና ለሦስት ትውልድ በእነድንቅነሽ ቤት የተቀመጠች ናት። ቁና ስፌት አይደል፣ ከንፈሩ ይበላል። ከንፈሩ በተበላ ቁጥር አያትየዋ ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ቆርጣ ቀመቀመችው። እናትየዋ አንድ ጣት ያህል ቆርጣ ቀመቀመችው። ድንቅነሽም እንዲያው። ሌብነት አይደለም። ጨዋ ሴቶች ናቸው፣ ዕቃ ሲያረጅ ይጠግናሉ። አያ ሽበሺም ይህችን ቁና በአሮጌው ቁና ውስጥ አስቀመጣት። ሸርተት ብላ ገባችና ከታች ቁጭ አለች።

«ይህ ትልቁ የአያቶቼ ነው» አለ። «ሁለቱ በአንድ ቀን የተሰፉ መንትዮች ናቸው። የኛ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ጌቶቼ፣ ሽማግሌዎቹ ያሉትን እየሰጣችሁ አይደለም። ግማሹን ነው የምትሰጡት። እኔ ጭማሪ አልለመንኩም።»

ሰው ሲያፍር ሁለት መንገድ አለው። ወይ ይቅርታ ይላል፣ ወይ ይቆጣል። እነሱ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ። ጎበዜ የሚባል የአራት ልጆች አባት፣ አፈ ጮሌ ነጋዴ፣ ከመሀል ጮኸ፦ «የኛ መች ጠበበ! የሱ ነው ያበጠው! በመተት ነው ያሳበጠው!» ሰዉም እፎይ ብሎ ሳቀ። ተቃለለለት። በትንሿ ቁና ሰፍረው ሰጡትና ሸንጎው ተበተነ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅስ፣ ሞኝ ይልስ ይባላል። እነሱ ላሱ።

ከዚያም ክረምት መጣ።

የእሜቴ ድንቅነሽ ልጅ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ቆላ ወርዳ ነበር ያገባችው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ወጉ ነው። ነሐሴ ሲገባ በበቅሎ አመጧት። ሆዷ ገፍቷል። እናቷም በደስታ እንደ ልጃገረድ ሆነች። ጓዳውን አጸዳች፣ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈች፣ አስተኛቻት። ታዲያ ያ ጓዳ ምን ላይ የተሠራ መሰላችሁ? ሦስት ቦዮች ከሦስት ሰፈር መጥተው ከሥሩ ይገናኛሉ። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ ከማንጠግቦሽ መኝታ በታች ያልፍ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ማንጠግቦሽ አለች፦ «እምዬ፣ ወለሉ ያንጎራጉራል።»

«ዝናቡ ነው ልጄ» አለች እናቷ።

በሦስተኛው ቀን ጋኑ ለብቻው ተንቀጠቀጠ። ማንም አልነካውም። ጠላው ላዩ ላይ ክብ ክብ ሠራ። በአራተኛው ቀን አይጦቹ ገና በጠዋቱ ከቀዳዳው እየወጡ፣ ሰው ሳይፈሩ፣ በደጅ በኩል ሄዱ። አንዲቷ አይጥ ልጆቿን በአፏ ይዛ ነበር። እሜቴ ድንቅነሽም አየችና ልቧ ተሸበረ። ለማንም ግን አልተናገረችም።

በዚያው ቀን አያ ሽበሺ ከደጇ መጣ። አልገባም፣ ማን ያስገባዋል! ከአጥሩ ውጭ ዝናብ እየመታው ቆመና እንዲህ አለ፦ «እሜቴ፣ ልጅዎን ከጓዳው ያውጡ። ከሥሯ ሁለት ድንጋይ ወድቋል። ሦስተኛው በእንጨት ነው የቆመው። ዛሬ ነገ አይበሉ።» እንዲህም ሲል ዓይኑ በሷ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ጓዳው ተመለከተ።

እሜቴ ድንቅነሽ ያቺን አስተያየት አየች። «ዓይንህን ከልጄ ላይ አንሳ!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ቁና ስላልሰጠሁህ ልጄን ልትበላብኝ ነው? ነፍሰ ጡር ላይ ዓይን ትጥላለህ? ሂድ! ሂድ ከደጄ!»

እሱም፦ «እሜቴ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ» አለ።

እሷም ድንጋይ አነሳች። እሱም ሄደ።

ከዚያም ምን አደረገች? በራፉ ላይ ጤና አዳም ሰቀለች። ከልጇ ራስጌ ማጭድ አስቀመጠች። የጓዳውን በር በሰሌን ጋረደችና ቡዳ እንዳያያት ብላ ልጇን ከመደቡ አንስታ ከሁሉ ጥግ፣ ከቀዳዳው አጠገብ አስተኛቻት። አትፍረዱባት። እናት ናት። ከልቧ ፈርታለች። የፈራችው ግን ሊያድናት የመጣውን ሰው ነው።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ማንጠግቦሽን ምጥ ጀመራት። እናቷ ውሃ ስታሞቅ፣ ወገቧን ስታሽላት፣ ከወለሉ ሥር ተንኳኳ።

ጓ። ጓ። ጓ።

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ።

ጓ። ጓ። ጓ። ከዚያም ከቀዳዳው ውስጥ፣ ከዚያ ከሚሸተው ጨለማ፣ ድምፅ መጣ፦ «ው…ጡ…»

ማንጠግቦሽ አፏን ስትከፍት እናቷ በመዳፏ ደፈነቻት። «ዝም! ሳይታይ የጠራን ነገር አቤት አይባልም!» አለች በሹክሹክታ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ማንነቱን ሳያዩ አቤት ያለ ሰው ይወሰዳል ይባላል።

ድምፁም ደገመ፦ «ማንጠግቦሽ… ውጪ…»

ስሟን ያውቃል! እሜቴ ድንቅነሽ «በስመ አብ! በስመ አብ!» እያለች ከምድጃው አንድ እፍኝ አመድ አፍሳ በቀዳዳው በተነችበት። ጋኔን አመድ ይጠላል ብላ ነው።

ከቀዳዳውም ሳል መጣ። ደረቅ፣ የሽማግሌ ሳል። ሳለ፣ ሳለ፣ ትንፋሽ አጥሮት አቃሰተ።

ማንጠግቦሽም የእናቷን እጅ ከአፏ ላይ አነሳችና፦ «እምዬ፣ ጋኔን ይስላል እንዴ?» አለች።

እሜቴ ድንቅነሽ ቀስ ብላ ተንበረከከች፣ ጆሮዋን ከቀዳዳው አፍ ላይ አደረገች። ከታች ውሃ ይጮሃል። እንጨት ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። ከሁሉ መሀል የሰው ትንፋሽ ሰማች። ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽ ነው።

«እሜቴ» አለ ድምፁ። «ሽበሺ ነኝ። ምሰሶው ተሰብሯል። ድንጋዩን በትከሻዬ ይዤዋለሁ። ልጅቷን ያውጡልኝ። ብዙ አልችልም።»

ወይ እሜቴ ድንቅነሽ! አንድ ቃል ሳትመልስለት ልጇን በብብቷ አቅፋ አነሳቻት። ሰሌኑን ቀድዳ፣ በሩን በእግሯ ገፍታ፣ እየጎተተቻት ወደ ዝናቡ ወጣች። የጎረቤት በር መታች። ጎረቤቶቹ ራሳቸው እየተጯጯሁ ሲወጡ ደረሰች። «እዚህ አይሁን! የኛም ወለል ያንጎራጉራል!» አሏት። ሌላውም ቤት እንዲያው። ከዚያም ምጡ ገፋና ማንጠግቦሽ ከመንገድ ላይ ቁጭ አለች።

በዚያች ከተማ ከሥሩ ቦይ የሌለው ቤት አንድ ብቻ ነበር። ከጭንጫው ላይ ያለው። የአያ ሽበሺ ቤት።

እሜቴ ድንቅነሽ በዕድሜዋ ያን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ዛሬ ግን ልጇን ይዛ ገባች። ይመናሹም ማንጠግቦሽን ተቀበለቻት፣ ከራሷ አልጋ ላይ አስተኛቻት፣ ደረቅ ጋቢ አለበሰቻት። ከዚያም ቀና አለችና ጠየቀች፦ «ሽበሺስ? እንደወጣችሁ ነገራችሁት?»

እሜቴ ድንቅነሽ ደንግጣ ቆመች።

«አልነገርነውም» አለች።

ይመናሹ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። «እንግዲያው አይለቅም» አለች። «ወጥተናል ካላሉት አይለቅም። አውቀዋለሁ።» ልትሄድም ነጠላዋን አነሳች። በዚያች ቅጽበት ማንጠግቦሽ ጮኸች፣ የልጁም ራስ ሊመጣ ነው። ይመናሹ አንዴ በሩን አየች፣ አንዴ አልጋውን አየች።

እሜቴ ድንቅነሽም ክንዷን ያዘቻትና፦ «አንቺ ልጄን ያዥልኝ። እኔ ባልሽን ላምጣልሽ» አለች። አለችና ሮጠች።

ሕዝቡ በዝናብ ውስጥ፣ ከመንገዱ መሀል ተኮልኩሎ ቆሟል። ጭቃ ሹም ገብረየስ እጁን ዘርግቶ፦ «አይግቡ እሜቴ! ግድግዳው ተሰንጥቋል!» አለ። በእጁ ሥር አለፈች። ገባች። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ዘንብሏል። ጋኑ ተንከባሎ ከጥግ ተሰብሯል። ጠላው ወደ ስንጥቁ እየፈሰሰ ይጠፋል። እሷም በሆዷ ተኛችና በክርኗ እየተሳበች ሄደች። ከሥሯ ምድር ሲተነፍስ በደረቷ ይሰማታል። ቀዳዳውን አገኘች።

«አያ ሽበሺ! ወጥታለች! ልጄ ወጥታለች! ልቀቀው!»

መልስ የለም። ውሃው ብቻ ነው። ሁለተኛ ጠራች። ሦስተኛ ጠራች። ከዚያም ድምፁ መጣ፣ በጣም ቀጥኖ፦ «እርስዎስ እሜቴ? ድምፅዎ ከላዬ ነው።»

«እኔን ተወኝና ውጣ!»

«እርስዎ ከላዬ ሳሉ አልለቅም።»

ይሄኔ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እንባዋ በቀዳዳው ወደሱ ወረደ። «ወንድሜ፣ እየወጣሁ ነው» አለች። «እስከ ሃያ ቁጠርና ልቀቀው።»

«ሃያ አልችልም» አለ። «በአሥር ይደርሳሉ?»

«እደርሳለሁ።»

«አንድ» አለ።

ዞረች። በክርኗ ተሳበች። «ሁለት። ሦስት።» ቀሚሷ በጋኑ ስባሪ ተያዘ። ቀደደችው። «አራት።» ሰሌኑን አለፈች። «አምስት። ስድስት።» ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ ነው። ከመድረኩ እግሯን አወጣች። «ሰባት» ሲል ሰማችው። ስምንትን አልሰማችም።

ጓዳው ሰመጠ። መደቡ ሰመጠ፣ አጎዛው፣ ምድጃው፣ ግድግዳው ሁሉ ሄደ። የቤቱ ቦታ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ። ከጉድጓዱም የከተማዋ ሁሉ ቆሻሻ እየተንፎለፎለ ወጣ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። እናቶች ልጆቻቸውን አነሱ። ማንም የሚቆምበትን መሬት አላመነም።

ከዚያም እሜቴ ድንቅነሽ እየጮኸች ወደ ገደሉ ወረደች፣ ሰዉም ተከተላት። ቦዩ ከሚወጣበት አፍ ደረሱ። ብዙዎቹ ያን ቦታ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ቆመው ጠበቁ። ጥቁር ውሃ ወጣ። የተሰበረ የወይራ ግንድ ወጣ። የማንጠግቦሽ አጎዛ ወጣ። ቀኑ መሸ። ሰው አንዱ ሌላውን ማየት አፍሮ፣ ሁሉም ውሃውን ያያል። ከዚያም በውሃው መሀል እጅ ታየ።

ማንም ሳይቀድማት እሜቴ ድንቅነሽ እስከ ወገቧ ገባች። በእጁ ሳበችው፣ ከደረቷ ላይ አስተኛችው። ሕይወት አለው። የቀኝ ትከሻው ግን ደቅቋል። ዓይኑን ገለጠና፦ «ልጅቷስ?» አለ። ከላይ ከጭንጫው ቤት ሦስት እልልታ ተሰማ። ሴት ናት የተወለደችው።

አሁን «እሰይ» ብላችሁ ልትነሱ ነው አይደል? ቁጭ በሉ። የሰውን ልብ ገና አላወቃችሁትም።

በሦስተኛው ቀን ሸንጎ ተቀመጠ። አያ ሽበሺን በቃሬዛ አመጡት። ጭቃ ሹሙም፦ «ግዝቱን ቄሱ ይፍቱልን። ሁለት ቁና እንስጥ» አለ።

አያ ሽበሺም ከቃሬዛው ላይ ሆኖ፦ «ሁለት በጥር ነበር ጌታዬ» አለ። «ያን ጊዜ የላላ ድንጋይ ነበር። አሁን የወደቀ ድንጋይ ነው። በትልቁ ቁና አምስት ነው። ትከሻዬም እንግዲህ አይሠራም። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይውረድና ላስተምረው።»

አምስት ሲባል ጉምጉምታ ተነሳ። ጎበዜም ብድግ አለ፦ «እሜቴ ድንቅነሽን እግዚአብሔር ያጽናት። ግን የወደቀው የሷ ቤት ነው። የኛ ቆሟል። እንግዲህ በሚመጣው ዓመት ብንመካከርበትስ?» ሰዉም «እውነቱን ነው» ማለት ጀመረ። በእግዜር! ያ ጉድጓድ ገና እየሸተተ!

እሜቴ ድንቅነሽ አልተከራከረችም። ችቦ ለኮሰችና ተነስታ ሄደች። በገደሉ በኩል ብቻዋን ከቦዩ ውስጥ ገባች። ሰዉ «አበደች» አለ፣ ግን ከሸንጎው የተነሳ የለም። ይመናሹ ከቦዩ አፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣች። እስከ ፀጉሯ ጭቃ ለብሳለች። እንደዚያው ሆና ሸንጎው መሀል ቆመች። ማንም አፍንጫውን አልያዘም።

«ከየቤታችሁ ሥር ሄድኩ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «በየቀዳዳው ቀና ብዬ አየሁ። ጭቃ ሹም፣ ሚስትዎ ከሠራተኛዋ ጋር ስትጨቃጨቅ ከላዬ ሰማሁ። ከመኝታዎ ሥር የቀረው አንድ ድንጋይ ነው። በጣቴ ነካሁት፣ ተወዛወዘ። የቄሱ ጓዳ ሥር ድንጋይ የለም፣ አፈር ብቻ ነው፣ አፈሩም ይንጠባጠባል።»

ከዚያም ወደ ጎበዜ ዞረች። «አንተም ጎበዜ፣ ቤትህ ደርሻለሁ። ችቦዬን ከፍ አድርጌ አየሁት። ልጆችህ ከላዬ ይዘላሉ፣ ይስቃሉ። አራቱንም በድምፃቸው ለየኋቸው። የሚዘሉበት ወለል ውፍረቱ የእንጀራ ያህል ነው።»

የጎበዜ ነጠላ ከትከሻው ወደቀ፣ አላነሳውም። የልጆቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ተረቴን ተረከቡ፣ እኔን አሮጊቷን በዳቦ መግቡ።